አንደበት የሌላት አማና፤ የሴት ልጅ ግርዛት ታሪክና የኛ ተጠያቂነት

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



በጃሂሊያ ዘመን ከዐረቦች አንዳንዶቹ ሴት ልጅ ተወለደችላችሁ ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁር፣ ከሰውም ይሸሸጉ እንደነበር ቁርኣን በሱረቱ አን-ነሕል ይነግረናል። ከነሕይወቷ አፈር የሚያለብሷትም ነበሩ። በሱረቱ አት-ተክዊር የቂያማ ቀን ሲገለጽ ከፀሐይ መጠቅለልና ከተራሮች መነዳት ጋር የዚህች የተቀበረች ሕፃን ጉዳይ አብሮ ይነሣል። በምን ወንጀል እንደተገደለች እርሷ ራሷ ትጠየቃለች። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት ጥያቄው ለተበዳይዋ መቅረቡ በዳዩን ለማሳፈር ነው። በዱንያ አንደበት አልነበራትምና በዚያ ቀን አንደበት ይሰጣታል ማለት ነው።

ውድ አንባቢ፤ ይህን ያነሣሁት ግርዛትን ከነሕይወት ከመቅበር ጋር አንድ ለማድረግ አይደለም። ልጃቸውን የሚያስገርዙ እናቶችና አያቶች ልጃቸውን የሚወዱ፣ መልካም ያደረጉላትም የሚመስላቸው ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ ልማዶች የሚገናኙበት ቦታ አለ። ሁለቱም «ሰው ምን ይለናል» ከሚል ፍርሃት ይመነጫሉ፤ ሁለቱም እምቢ ማለት በማትችል ሕፃን ላይ ይፈጸማሉ። በኛ በማሻ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ ይህ ነገር በተለይ እውነት ነው። በአማራ ክልል ግርዛት በአብዛኛው የሚፈጸመው ሕፃኗ ገና በአራስ ቤት ሳለች፣ በተወለደች በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነውና። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው፤ አንደበት ለሌላት ልጅ አንደበት የሚሆናት ማን ነው? ከጥያቄው በፊት ግን የልማዱን ታሪክ ማወቅ ይገባናል።

ልማዱ ስንት ዘመኑ ነው?

ብዙዎቻችን የሴት ልጅ ግርዛት ከእስልምና ጋር ወደ አገራችን የገባ ይመስለናል። ታሪክ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። በግብፅ አገር በግሪክኛ የተጻፈ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ163 ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ የፓፒረስ ጽሑፍ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጦ ይገኛል። ጽሑፉ በሜምፊስ ከተማ ስለነበረች አንዲት ልጃገረድ ሲያወሳ፣ በግብፃውያን ልማድ የመገረዣዋ ጊዜ እንደደረሰ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የመጣው የግሪኩ የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦም ግብፃውያን ወንዱንም ሴቷንም እንደሚገርዙ ጽፏል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ ነው። እንግዲህ ምላጩ ከቁርኣን መውረድ በፊት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ በአባይ ዳር ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስም የተጻፈ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በክርስቲያኑ ሕዝብ ዘንድ ወንዶችም ሴቶችም እንደሚገረዙ በመጽሐፉ አስፍሯል። የሴቶቹ መገረዝ በብሉይ ኪዳን ሕግ ውስጥ የሌለ ነገር መሆኑንም ለአንባቢው አመልክቷል። ይህ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ወደ ደጋው ከመዝመታቸው በፊት ነው። ከዚያም በ1555 ዐፄ ገላውዴዎስ የእምነታቸውን መግለጫ ሲጽፉ፣ ስለ ግርዛት በጠቅላላው የሃይማኖት ሥርዓት ሳይሆን የአገር ልማድ መሆኑን፣ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት ያለ መሆኑን ገልጠዋል።

ይህን ሩቅ ታሪክ ለጊዜው እንተወውና በዓይናችን የምናየውን እንመልከት። የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በጋብቻ፣ በቂሬና በደቦ የተሳሰረ ሕዝብ ነው። ገራዧ ሴትም ለሁለቱም ቤት አንድ ናት። ያንኑ ምላጭ ይዛ ከአንዱ ቤት ወጥታ ከሌላው ቤት ትገባለች። አንደኛው ቤት «ሱና ነው» ይላታል፤ ሌላኛው ቤት ደግሞ በራሱ ሃይማኖት ስም ያዛታል። አንድ ድርጊት የሁለት ሃይማኖት ትእዛዝ ነው ሲባል፣ ምናልባት የሁለቱም ሳይሆን የአገሩ ልማድ እንዳይሆን መጠርጠር አይገባንምን? በሌላ በኩል የማሊኪያ መዝሀብ በሚከተሉት በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ፣ የሐነፊያ መዝሀብ በምትከተለው በቱርክም ይህ ልማድ አይታወቅም። ልጆቻቸው ሙስሊም መሆናቸውን ማንም አይጠራጠርም።

ኪታቦቻችን ምን ይላሉ?

«ሱና ነው» የሚለው ቃል በየቤቱ ስለሚነገር ኪታቡን ገልጠን መነጋገር ግድ ነው። እውነቱንም መሸፋፈን አይገባም። የፊቅህ ኪታቦቻችን ስለ ሴት ልጅ ኺታን ይናገራሉ። በሻፊዒያ መዝሀብ የታወቀው ንግግር ዋጂብ ነው የሚለው ነው። በሌሎቹ መዝሀቦች ግን በአብዛኛው መክሩማ ወይም የተወደደ ነገር ተብሎ ተጠቅሷል። ወሎ የኪታብ አገር ነው፤ የሻፊዒያም የሐነፊያም ኪታብ ይቀራበታል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የመሻኢኾች ቃል ቢለያይ የሚያስገርም አይደለም። ደረሳ ሊጠይቀው የሚገባው ግን «ደሊሉ ምንድን ነው?» የሚለውን ነው።

አንደኛው ደሊል የኡሙ ዐጢያ ሐዲስ ነው። በመዲና ሴቶችን ትገርዝ ለነበረች ሴት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አብዝታ እንዳትቆርጥ ነገሯት የሚል ነው። ሐዲሱን በሱነናቸው ያሰፈሩት፣ በ275 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አቡ ዳውድ ራሳቸው ደካማ መሆኑን ከሥሩ ጽፈዋል። ኋላ የመጡ አንዳንድ ሙሐዲሶች በሌሎች መንገዶች አጠናክረውታል፤ ቢሆንም ሐዲሱ የያዘው ነገር አስቀድሞ የነበረን ልማድ መገደብ እንጂ «ግረዙ» የሚል ትእዛዝ አይደለም።

ሁለተኛው ኺታን ለወንዶች ሱና፣ ለሴቶች ግን መክሩማ መሆኑን የሚገልጸው ነው። በኢማም አሕመድ ሙስነድ የሚገኝ ሲሆን ኢማም አል-በይሀቂ ደዒፍ መሆኑን አመልክተዋል።

ሦስተኛው ባልና ሚስት ሲገናኙ ትጥበት ዋጂብ መሆኑን የሚናገረው ሐዲስ ነው። ይህ ሰሒሕ ነው፤ በውስጡም የሁለቱ ሰዎች አካል «ሁለቱ ኺታኖች» ተብሎ ተጠርቷል። ነገር ግን ነሕው የቀራ ደረሳ ሁሉ እንደሚያውቀው ዐረብ ሁለት ነገሮችን በአንዱ ስም አጣምሮ ይጠራል። ፀሐይንና ጨረቃን «ሁለቱ ጨረቃዎች»፣ አቡበክርንና ዑመርን (ረ.ዐ) «ሁለቱ ዑመሮች» ይላል። በዚህ አጠራር ፀሐይ ጨረቃ እንደማትሆን ሁሉ ከዚህ ሐዲስም የሴት ልጅ ግርዛት ትእዛዝ አይወጣም። ሐዲሱ የመጣው ትጥበትን ለማስተማር ነው።

በሦስተኛውና በአራተኛው ምእተ ዓመተ ሂጅራ በመካ የኖሩት ታላቁ ፈቂህ ኢብኑል ሙንዚር በኺታን ጉዳይ የሚመለሱበት የተረጋገጠ ኸበር እንደሌለ መናገራቸውን ዑለሞች አስተላልፈዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አራት ሴት ልጆች ነበሯቸው። አንዳቸውን እንኳ እንዳስገረዙ የሚገልጽ ሰሒሕ ሐዲስ አልተላለፈልንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀድሞ ዑለሞች በኪታባቸው የጻፉት ከቆዳ ጫፍ ጥቂት ስለ መንካት ነው። በጨለማ ጎጆ ውስጥ፣ ዓይኗ የደከመ አሮጊት፣ የስምንት ቀን ሕፃን ጭን ከፍታ በምላጭ የምታደርገው ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በሰውነቷ ያለው ደም በጠቅላላው ሩብ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ፈስሶ ስንቱ ሊቀርላት ነው? ከደሙ ተርፋ ብታድግም ነገሩ በዚያ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28 ሺህ በላይ ወላድ ሴቶችን አስጠንቶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ውጤት፣ በተገረዙ እናቶች ዘንድ በወሊድ ጊዜ የሚሞቱ ሕፃናት ካልተገረዙት በልጠው ተገኝተዋል። ብልጫው በቀላሉ ግርዛት 15 ከመቶ፣ ከፍ ባለው 32 ከመቶ፣ በሚሰፋው ደግሞ 55 ከመቶ ነበር። ጉዳት መወገድ አለበት የሚለው መርሕ በሁሉም መዝሀብ የታወቀ የፊቅህ መሠረት ነው። ጉዳቱ በእርግጠኝነት ከታወቀ በኋላ በደካማ ደሊል ላይ ተመርኩዞ ልጅን መቁረጥ በምን ይፈቀዳል?

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በአል-አዝሀር ውስጥ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት አከራክሯል። የቀድሞው ሸኽ ጃደል ሐቅ ግርዛቱን ደግፈው ፈትዋ የሰጡ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሸኽ ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊ ግን አልተስማሙበትም። በኅዳር ወር 2006 (እ.ኤ.አ.) በግብፁ ሙፍቲ በዐሊ ጁምዓ ጥላ ሥር በካይሮ የተሰበሰቡ ዑለሞች ድርጊቱ በሰው ላይ የሚፈጸም ጉዳት ስለሆነ እንዲቆም ጠየቁ። በተከታዩ ዓመት በሚንያ አውራጃ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በሐኪም እጅ ስትገረዝ ሞተች፤ የአል-አዝሀር የእስልምና ጥናት ምክር ቤትም ድርጊቱ በሸሪዓው መሠረት የሌለው መሆኑን አስታወቀ። በሞሪታኒያም በ2010 (እ.ኤ.አ.) 34 ዑለሞች በአንድነት የሚከለክል ፈትዋ ፈረሙ። እነዚህ ዑለሞች ኪታቡን የሚያውቁ፣ ለመዝሀባቸውም የሚቆረቆሩ ናቸው።

በአገራችን የተሄደው መንገድ

በኢትዮጵያ ጎጂ ልማዶችን የሚከላከል ብሔራዊ ኮሚቴ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ኋላም የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ተባለ። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን ከለከለ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ የምትገኝን ሴት የገረዘ ሰው ከሦስት ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ በአንቀጽ 565 ደነገገ። የሚሰፋው ግርዛት በአንቀጽ 566 ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል፤ ጉዳት ካስከተለ እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። በድርጊቱ የተባበሩ ወላጆችም በአንቀጽ 569 ይጠየቃሉ።

ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ ለውጥ መጥቷል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል የተገረዙት በ1992 ዓ.ም 80 ከመቶ፣ በ1997 ዓ.ም 74 ከመቶ፣ በ2008 ዓ.ም ደግሞ 65 ከመቶ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት ከ45 እስከ 49 ዓመት ያሉት 75 ከመቶ ሲሆኑ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት 47 ከመቶ ነበሩ። የአማራ ክልል ቁጥር 62 ከመቶ ነበር። በሙስሊም ሴቶች ዘንድ ቁጥሩ ከሌሎች ከፍ ብሎ መገኘቱንም ሳናፍር ልንቀበለው ይገባናል። በዚያው ጥናት 79 ከመቶ ሴቶችና 87 ከመቶ ወንዶች ልማዱ መቅረት አለበት ብለዋል። ብዙው ሰው ይቅር እያለ ለምን አይቀርም ቢሉ፣ እያንዳንዱ ቤት ጎረቤቱን ስለሚፈራ ነው። አባት እናቱን ይፈራል፤ እናት አማቷን ትፈራለች፤ አያት ደግሞ መንደሩን ትፈራለች። ልማድ ያሰርቃል ከማድ እንዲሉ፣ የማንም ፈቃድ ያልሆነ ነገር በሁሉም ቤት ይፈጸማል።

በከንባታ በወይዘሮ ቦጋለች ገብሬና በእኅታቸው የተጀመረው እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ልጃገረድ ሳትገረዝ በአደባባይ እንድታገባ አስችሏል። ያ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በከንባታ የምትገረዘው ልጅ ለጋብቻ የደረሰች፣ መናገርም መሸሽም የምትችል ናት። የኛይቱ ሕፃን ግን ስሟ እንኳ ገና አልወጣላትም። በትምህርት ቤት መምህር አይታ አታድናትም፤ ራሷም ለፖሊስ አትናገርም። ስለዚህ በኛ አገር አደጋ ላይ ያለችውን ልጅ ማወቅ ማለት ቤተሰቧን ማወቅ፣ እርሷ ከመወለዷም በፊት ማወቅ ማለት ነው።

አደጋ ላይ ያለችውን እንዴት እናውቃታለን?

ውድ አንባቢ፤ የሚከተሉት ምልክቶች ጎረቤትን ለመሰለል የተጻፉ አይደሉም። አራስ ስትጠይቁ ልብ እንድትሏቸው ነው።

አንደኛ፣ እናቷና ታላላቅ እኅቶቿ የተገረዙባት ሕፃን ከሁሉ ይልቅ አደጋ ላይ ናት። ከዚያ ቤት ነፍሰ ጡር ካለች ውይይቱ ከወሊድ በፊት መጀመር አለበት።

ሁለተኛ፣ የበኩር ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት የምትሄድ ሴት በዚያ ቤት ቃል የላትም፤ ውሳኔው የአሮጊቶቹ ነው። ባል ሚስቱን ሲሸኝ «ልጄ ሴት ከሆነች ምላጭ እንዳይነካት» ብሎ ለአማቶቹ በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ በቤት ውስጥ የሚነገረውን ስሙ። «እንዲሁ ትተዋት ማን ያገባታል?»፣ «ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች»፣ «ትንሽ ጫፏን ብቻ ነው» የሚሉ ቃላት ሲበዙ ቀኑ ቀርቧል ማለት ነው።

አራተኛ፣ በገራዥነት የምትታወቅ ሴት ያለ ዝምድና ወደ አራስ ቤት ስትመላለስ፣ ወይም ሕፃኗ ያለ በቂ ምክንያት ወደ ሌላ ቀበሌ ስትወሰድ መጠርጠር ነው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ድርጊቱ ወደ ድብቅ ገብቷልና።

አምስተኛ፣ በጨቅላነቷ ያመለጠች ልጅ ለዘላለም አመለጠች አይባልም። እጮኛ ሲመጣ ወይም ዘመድ ዘንድ ለዕረፍት ስትሄድ ነገሩ እንደገና ሊነሣ ይችላል።

ድርጊቱ ተፈጽሞ ከሆነስ? ሕፃኗ ደሟ ካልቆመ፣ ሽንት ካልሸናች ወይም በሸናች ቁጥር ከጮኸች፣ ካተኮሳት፣ ጡት እምቢ ካለች ወይም ሰውነቷ ከደረቀ (የመንጋጋ ቆልፍ ምልክት ሊሆን ይችላልና) በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ። ቅጣት በመፍራት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ሁለተኛ በደል ነው።

አደራውን ማን ይወጣ?

በሱና የታወቀው የሰባተኛው ቀን ሥራ አቂቃ ነው። በዚያ ቀን ስም ይወጣል፣ ይታረዳል፣ ፀጉሯ ተላጭቶ ሰደቃ ይሰጣል፣ ጀማዓው ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። ልብ በሉ፤ ምላጩ የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ የአቂቃው ቀን ምላጩን ይቅደመው። ኢማሙ ስሟን ካወጣ በኋላ በጀማዓው ፊት አባትየውን «ይህች ልጅ የአላህ አማና ናት፤ አካሏ እንደተፈጠረ ይጠበቅ» ይበለው። አባትየውም በሰው ፊት እሺ ይበል። ይህ ለአያቲቱም መውጫ ይሆናታል፤ የፈራችው መንደር ራሱ ፈቀደላት ማለት ነውና።

በኒካሕ ጊዜም ሸኾቻችን ያልተገረዘች ልጅ ነውር የሌለባት መሆኑን ይናገሩ። ወንድ ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ ልጃችሁ ሲያገባ ይህን እንደማትጠይቁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። አንድ አማች ያለው ቃል ከብዙ ስብሰባ ይበልጣልና። የመድረሳ መምህራን ደግሞ የኡሙ ዐጢያን ሐዲስ ስናስቀራ የአቡ ዳውድን ቃል አብረን እናስቀራ።

ምክር ያልመለሰውን ቤት ግን በዝምታ ማለፍ አይገባም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለቀበሌው፣ በወረዳው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ መንገር ሐሜት አይደለም። ግፍን መከላከል ነው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ጤና ተቋም ሲጎዳ አይተናል። መሥሪያ ቤት በሚርቅበት ጊዜ ለሕፃኗ የሚቀርባት ጎረቤት፣ ቂሬና መስጂድ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢ፤ ምናልባት ይህን በምታነብበት ሰዓት በጎረቤትህ ወይም በገዛ ቤትህ አንዲት ሴት የምትወልድበትን ወር እየቆጠረች ይሆናል። ቀኑ ሳይደርስ ቡናው ፈልቶ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት አንድ ምሽት ነገሩን አንሣው። ያቺ ያልተወለደች ልጅ ዛሬ አታመሰግንህም፤ የተደረገላትንም ላታውቅ ትችላለች። አንደበት ለሁሉም በሚሰጥበት ቀን ግን ምስክር ትሆንልሃለች።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እውነትን እውነት አድርጎ ያሳየን፤ የሰጠንንም አማና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።